ቀድሞ የወረደ ውሃ ይቀዳል

ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 14

ለተከበሩት ጋሼ ታውኖ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ቤትዎ ሞቆ፣ እግርዎ ደርቆ፣ እርስዎም በሙሉ ጤና ታግኝዎት። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን። ወገቤንም ቢጨምርልኝ አልጠላም ነበር።

«ስልክ አለ አይደል?» ይሉኝ ይሆናል። ለገና ስንደዋወል እርስዎ «እህ» አሉ፣ እኔም «እህ» አልኩ፣ ከዚያ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ትንፋሽ ስንሰማማ ቆየን። እናቶቻችን የእኅትማማች ልጆች ነበሩ፤ ዝምድናው ራቅ ቢልም ዝምታውን ሳይጎድል ወርሰናል። ስለዚህ ብዕር ይሻለናል።

ሆዴ ውስጥ እንዳይከርም በቀጥታ ልናገር። ልጅዎ ኪርሲ ደውላልኝ ነበር። በኦክቶበር ሳውናው እንፋሎት ውስጥ ወድቀው እንደነበር ነገረችኝ። የልብ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ሙቀቱ የሚበረታበት የላይኛው የመቀመጫ ርብራብ ላይ መውጣት የለም፤ ታች፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ፤ አለዚያ ልብዎ አይችልም» ብሎዎታል አሉ። እርስዎ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ። እውነት ነው? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ። አልመክርዎትም፤ ምክር የሚሰሙ ቢሆን ኪርሲ ለእኔ ባልደወለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ትራም ስነዳ ወገቤ የወንበሩን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ካቃተኝ ሁለት ክረምት አለፈ። የሥራ ባልደረቦቼ አዝነውልኝ ለሃምሳ ስድስተኛ ልደቴ የዮጋ ካርድ ገዙልኝ። ተራው ዮጋ አይደለም፤ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ጉልበት የሚጨርስ፣ ፋታ የማይሰጥ ዓይነት ነው። «ክፍሉ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው፤ ትችይዋለሽ?» ሲሉኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሠላሳ ስምንት! እኛ ዘንድ እኮ ይሄ እሳቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ የሚቀር ሙቀት ነው።

ትናንት የመጀመሪያዬ ነበር። መልበሻ ክፍል ገባሁ። መታጠቢያ አለ፣ የእንጨት አግዳሚ አለ፣ ከበሩ ሥር ሙቅ አየር ይወጣል። እግሬ ይህን የሳውና መንገድ ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ልብሴን አውልቄ፣ ታጥቤ፣ አንዲት ፎጣ አገልድሜ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ገባሁ። ወይ ጉድ! አሥራ ስድስት ሰው፣ ሁሉም ለብሶ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አስተማሪዋ ማሊን የምትባል የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ቀስ ብላ መጣችና በጆሮዬ «እንኳን ደህና መጣሽ፤ እዚህ ግን ለብሰን ነው የምንሠራው» አለችኝ።

«ምድጃውስ የት ነው?» አልኳት፣ የምለው ጠፍቶኝ።

«ጣሪያው ላይ።»

ለብሼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር የምጽፈው የለኝም፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ሌሎቹ ሲነሱ እኔ ስተኛ፣ ሌሎቹ ሲተኙ እኔ ስነሳ አለቀ። ግን ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ልነካ ብሞክር፣ በጣቴ ጫፍም ቢሆን፣ ነካሁት። እመለሳለሁ።

የጥያቄዬን መልስ እጠብቃለሁ።
ራይሊ


ሌፓላህቲ፣ ጃንዋሪ 27

ለራይሊ፣

እንደምን ከረምሽ? ጌታ ወገብሽን ያቅናልሽ። እኛ ደህና ነን። የሐይቁ በረዶ አርባ ሳንቲሜትር ደርሷል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለኦስሞ። ኦስሞን ታስታውሺዋለሽ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው፣ ግንድ ቆራጭ የነበረው፣ ሳቀ ተብሎ የማይታማው። ፎጣው ጋ ስደርስ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

ግን አልገባኝም። ለመላብ ትከፍያለሽ? እዚህ እንጨት ፈልጠሽ ከመጣሽ ላብሽ በነጻ ይወርዳል። ደግሞስ ተደፍቶ፣ በአንድ እግር ተንጠልጥሎ ሙቀት መቀበል የማን ፈሊጥ ነው? ሰው ሙቀት የሚቀበለው ቁጭ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ ነው።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር። ኪርሲ ጥሩ ልጅ ናት፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ነገር ታጋንናለች። ቅዳሜ እንደ ወትሮው ነው። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ እኛ አምስት ወንዶች። እኔ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ማዕዘን ላይ፣ ኦስሞ አጠገቤ። ሕጉም ያው ነው፦ ከላይኛው ርብራብ ቀድሞ የወረደ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ በረዶውን ሰብሮ ውሃ ይቀዳል። እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የቀዳሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱም በጉንፋን ምክንያት ነው። የኦክቶበሩ አይቆጠርም። እኔ አልወረድኩም፤ ተሸክመው ነው ያወረዱኝ። ውሃውን ማን ይቅዳ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ላቁም። እናንተ ዘንድ ከክፍሉ ቀድሞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ጻፊልኝ። እሱን ማወቅ ፈልጌያለሁ።

ታውኖ


ጎተንበርግ፣ ፌብሩዋሪ 5

ለውድ ጋሼ ታውኖ፣

ሰላምታዬ ከበረዶዎ በላይ ወፍሮ ይድረስዎት። ስለ ልብዎ ጠየቅሁ፣ አርባ ሳንቲሜትር በረዶ መለሱልኝ። ይሁን፤ እኔም ለጠየቁኝ በታማኝነት እመልሳለሁ። እዚህ ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው ብለዋል። እኔ ነኝ። ያውም ተጎትቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከጣሪያው ማሞቂያ ልክ ሥር ምንጣፌን ዘረጋሁ። ሌሎቹ ከዚያ ቦታ ይሸሻሉ፤ እኔ ግን የላይኛው ርብራብ ያገኘሁ መሰለኝ። ሁሉም የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይገባል። እኔ አልያዝኩም። ማሊን በየቀኑ «ሲበዛባችሁ ተንበርከኩ፤ ግንባራችሁን መሬት አስነኩ፤ ትንፋሻችሁ ሲመለስ ተነሱ» ትላለች። ሕፃን እንደሚተኛው አተኛኘት ነው። አንዷ ስትተኛ አያለሁ፤ በልቤም «ወረድሽ! ውሃ ቅጂ!» እላለሁ። ጢማሙ ጎረምሳ ይተኛል፤ «ወረድክ!» እላለሁ። እንዲህ እየቆጠርኩ አራት ቀን በድል አለፈ።

ግን ጋሼ፣ ይሄ ሳውና አይደለም። ሳውና ውስጥ ልብ ቁጭ ብሎ ይሞቃል፤ እዚህ እየሮጠ ነው የሚሞቀው። እጅ መሬት፣ እግር ወደ ኋላ፣ ደረት ወደ ላይ፣ ከዚያ ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሳ እንደሚንጠራራው ቂጥን ሽቅብ፣ ከዚያ መልሶ መቆም። ይሄ ሁሉ በአፍንጫ እየተነፈሱ፣ ሳይቋረጥ፣ ሃያ ጊዜ። ባለፈው ሐሙስ በሌለ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ቁጢጥ ብለን እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተናል። ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬ ይጮሃል። ላቤ ቆሟል፤ ይሄ መጥፎ ምልክት መሆኑን እንኳን እኔ ሌፓላህቲ ያለ ሁሉ ያውቃል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አልተኛም። እኔም አልተኛም አልኩ። ከዚያ ክፍሉ ጨለመ።

ስነቃ ኮሪደሩ ላይ ነኝ፤ እግሬ የማሊን ጉልበት ላይ ተሰቅሏል።

«ዛሬ ምን ያህል ውሃ ጠጣሽ?»

«ምንም።»

«እንዴ! ለምን?»

«መጀመሪያ ሙቀት ነው፣ መጠጥ በኋላ ነው። ያደግሁት እንዲህ ነው።»

«ማዞር የጀመረሽ መቼ ነው?»

«ቆየ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል።»

«ታዲያ ራይሊ፣ ለምን አልተኛሽም?»

«ሌሎቹ አልተኙም ነበር።»

ልጅቷ ፊቴን እየጠረገች «ማን እየቆጠረ ነው?» አለችኝ። ልትቀልድ ፈልጋ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። መልሱን ሳስበው፣ ክፍሉ ውስጥ የምትቆጥር እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ እንደተጋደምኩ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መውደቄ አይደለም። እርስዎን ነው ያሰብኩት። አራት ሰው እጅና እግርዎን ይዞ ሲያወርድዎት።

ስለዚህ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ አሁንም ላይ ነው የሚቀመጡት? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ያለው ሰውዬ ግን ይነቅዛል።

አክባሪዎ ራይሊ


ሌፓላህቲ፣ ፌብሩዋሪ 16

ለራይሊ፣

እግዚአብሔር ይማርሽ። ውሃ ጠጪ።

በደብዳቤሽ አልሳቅሁም። ለኦስሞ ሳነብለት እሱም አልሳቀም፤ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አዎ፣ ላይ ነው የምቀመጠው። ጠይቀሽኛልና እነሆ።

አንቺ ዘንድ መውረድ ቀላል ነው፤ የማያውቁሽ ሰዎች መሃል ነሽ። እዚህ ሌላ ነገር ነው። ላይ አብሮን ይቀመጥ የነበረው ካውኮ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቅዳሜ ወረደ። «ዛሬ ታች ይሻለኛል» አለ፤ ማንም ምንም አላለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሰዉ «ካውኮ እኮ ጥሩ ዓሣ አጥማጅ ነበር» ማለት ጀመረ። ነበር! ሰውየው እዚያው ታችኛው ርብራብ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ «ነበር» እየተባለ። እኔ ሞትን አልፈራም፤ እሱን ነው የምፈራው።

አንድ ጥያቄ አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጎረቤቴ ማወቅ ስለፈለገ ነው። ያ አተኛኘት እንዴት ነው? ጉልበት ቀድሞ ነው ወይስ እጅ? ደግሞ ሌሎቹ ምን ይላሉ?

ታውኖ


ጎተንበርግ፣ ፌብሩዋሪ 24

ለውድ ጋሼ ታውኖ፣

ጤናውን አብዝቶ ይስጥዎት። ለዚያ ስሙ ለማይጠራው ጎረቤትዎም ጤናውን ይስጠው፤ ማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ይንገሩት። መጀመሪያ ጉልበት። ሁለቱን ጉልበቶች መሬት፣ ከዚያ ቂጥ ተረከዝ ላይ፣ ከዚያ ደረት ጭን ላይ፣ ግንባር ምንጣፍ ላይ። እጅን ወደ ፊት መዘርጋት ወይም ወደ ኋላ መጣል፣ እንደ ሰውዬው ፈቃድ። ወገቡ የማይታጠፍ ከሆነ ትራስ ያስገባ። እስኪያልቅ የሚወስደው አምስት ሰከንድ ነው።

ለመጀመር ግን ለእኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከወደቅሁ በኋላ ተመለስኩ፤ ውሃ ይዤ፣ ከማሞቂያው ርቄ፣ በሩ አጠገብ። ውሻውን ሠራሁ፣ ወንበሩን ሠራሁ፣ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። «ተንበርከክ» አልኩት ጉልበቴን። እምቢ አለ! እንደ ተቸነከረ ቆመ። እኔ ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ በበረዶ ቀን ትራም ሙሉ ሰው ይዤ ቁልቁለት ወርጃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልከበደኝም። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ተንበረከክሁ።

ሌሎቹ ምን አሉ? ምንም። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ እንዳለ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከጎኔ የሌላ ሰው ጉልበት መሬት ሲነካ ሰማሁ። ጢማሙ ነው። ከዚያ ሌላ። ማሊን በኋላ እንደነገረችኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚከብደው ለመጀመሪያው ሰው ነው።

አሁን ጫማዬን በሁለት እጄ አስራለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልና ይብቃኝ። እወድዎታለሁ። ይህን ቃል በቋንቋችን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ስጽፈውም ፊቴ ቀልቷል። «ነበሩ» ብዬ ስለ እርስዎ ማውራት የማልፈልገው እኔ ነኝ። ይውረዱ።

ራይሊ


ጎተንበርግ፣ ኤፕሪል 12

ጋሼ ታውኖ፣

ሰላምታውን ይለፉት።

ሰባት ሳምንት ሆነ። ለኪርሲ ስደውል «አባዬ ደህና ነኝ ይላል፤ ቅዳሜም አይቀርም» ትለኛለች። ምን ልበል? በየቅዳሜው ማታ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ዮጋው ላይ እንኳን ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባው ላይ በሚያርፍበት በመጨረሻው ሰዓት እኔ የማስበው ያንን የእንጨት ማዕዘን ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን መከራው እንዲመክርዎት አልፈልግም፤ አንዴ መክሮዎታል፣ ከሁለተኛው አይነሱም።

ተናድጄብዎታለሁ። አንድ መስመር ይጻፉ። ስለ በረዶም ቢሆን ይሁን።

ራይሊ


ሌፓላህቲ፣ ኤፕሪል 21

ለራይሊ፣

ሰላምታውን ልለፈው ብል ነውር ነው። እንደምን ከረምሽ? ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። በረዶው ሐይቁ መሃል ጠቁሯል፤ ከዚህ በላይ ስለ በረዶ አልጽፍም።

ያልጻፍኩት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ሳላደርገው «አደርገዋለሁ» ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል፤ «አላደርገውም» ብልሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ።

የፌብሩዋሪው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን አተኛኘቱን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሞከርኩት። ጉልበት፣ ቂጥ፣ ደረት፣ ግንባር። መውረዱ እንዳልሽው አምስት ሰከንድ ነው። መነሳቱን ግን አልጻፍሽልኝም! ኪርሲ ገብታ ፊቴ መሬት ላይ ሆኖ ስታየኝ አምቡላንስ ልትጠራ ነበር። «ዮጋ ነው» አልኳት። ይህን ስትሰማ ይበልጥ ደነገጠች።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ላይ ወጣሁ። ኦስሞ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ጨመረ፣ እንፋሎቱ ጀርባችንን ገረፈን፣ ልቤ አንዴ ዘለለ። እግሬን ወደ ታችኛው ርብራብ አወረድኩ። ኦስሞ ዞር ብሎ እግሬን አየ። አከክሁትና መለስኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም አከክሁት። በሦስተኛው ቅዳሜ ኦስሞ «እግርህ ላይ ምን ወጣብህ?» አለኝ። ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ቆዳውን ያለ ምክንያት ሲያክ ይከርማል።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ልቤ ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ ግራ እጄም ደነዘዘ። በኦክቶበር የጀመረኝ እንዲሁ ነበር። ፈራሁ፣ ራይሊ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከካውኮ ይልቅ ሞትን ፈራሁ። ከዚያ አንቺ እዚያ ከማያውቁሽ ሰዎች መሃል ስትንበረከኪ ታየኝ። ምንም ሳልናገር ወረድኩ። ታችኛው ርብራብ ላይ ቁጭ አልኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

 ጭልፋውን የያዘው ሰው ውሃ መጨመሩን ተወ። ድንጋዩ ሲንጣጣ ይሰማኛል። «አሁን ሊሉ ነው» አልኩ በልቤ። «ታውኖ ጥሩ ሰው ነበር።»

«ታውኖ» አለ ኦስሞ ከላይ።

«አቤት።»

«እዚያ ታች ቦታ አለ?»

«አለ።»

ሰውየው ወረደ። ሁለት ሜትር የሚያህል ቁመቱን እየሰበሰበ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።  ከዚያ ደረቱ ላይ፣ ከአንገት አጥንቱ ሥር፣ ጣቱን አኖረ። እዚያ ጋ ቆዳው ሥር ትንሽ ነገር አበጥ ብላለች። በየቅዳሜው እያየኋት የእርጅና እብጠት ነው ብዬ አልፌያታለሁ።

«የልብ ማሽን ነው» አለኝ። «ከገባልኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ ወደ ላይ እንዳልወጣ ነግሮኛል።»

«ሁለት ዓመት! ታዲያ ለምን አልወረድክም?»

«አንተ አልወረድክማ።»

ዛሬ ለኪርሲ ደውዬ ነገርኳት። «እህ» አላለችም፤ አለቀሰች። እኔም ትንሽ። አንቺም ስልክ ደውይ፤ ዘንድሮ አወራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለ እንቅልፍ የማስበው አንድ ነገር ነው። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ከኦክቶበር ወዲህ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ እሱን ስጠብቅ፣ እሱ እኔን ሲጠብቅ፣ ሁለታችንም ልንሞት ነበር። በኦክቶበር ሞቼ ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ ኦስሞ ቀብሬ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ «እስከ መጨረሻው አልወረደም» ይልልኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ላይ ይወጣ ነበር።

ያንቺው ታውኖ